የቴዎ ቱቦ

ኅዳር 6

ዛሬ ውኃ መጣ። ሰባቱንም ጀሪካን ሞላሁ። ብርድ ልብስ አጠብኩ። ጣቶቼ ተጨማደዱ።

ቴዎ እንደተለመደው ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመቱ። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ መስማት ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆነው። እማዬ ጀሞ አትክልት ልትሸጥ ስትሄድ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ትምህርት ከስምንተኛ ያቆምኩትም ለዚሁ።

ከሰዓት በር ተንኳኳ። አልከፈትኩም። ሰው ሲመጣ ለምን እንደምደበቅ እንጃ... ዘመድም ይሁን ጎረቤት ያው ነው። በኋላ ሳይ በበሩ ሥር ወረቀት ገብቷል። ሲስተር ሀኒፋ ናት፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ። ቴዎን መድኃኒት ያስጀመረችው እሷ ናት። «ሰኞ ሁለታችሁም ብቅ በሉ» ይላል።

ሁለታችንም? እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ?

ኅዳር 9

ሄድን። ጥናት አለ አለች። የታመመ ሰውና ጤነኛ እህቱ ወይም ወንድሙ ምራቅ ይሰጣሉ። ምራቅ!

«አንጎል ውስጥ መልእክት ተቀባዮች አሉ» አለች። «እንደ በር አስቧቸው። መልእክት መጥቶ ሲያንኳኳ ይከፍታሉ። አንዳንድ ሰው ጋ ከሚገባው በላይ ይከፍቱ ይሆናል። የበሮቹ አሠራር ከዘር የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ከምራቅ ሊነበብ ይችላል።»

«ታውቃላችሁ ወይስ ትጠረጥራላችሁ?» አለ ቴዎ። ከባዕድ ሰው ጋር ሲያወራ ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ...

ሳቀች። «እንጠረጥራለን። ብናውቅማ ያንተ ምራቅ ምን ይሠራልናል?»

እሱም ሳቀ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል፣ ስለዚህ ራሴ ፈረምኩ።

ስንመለስ «ቤቲ፣ ጥፋቴ አይደለም ማለት ነው?» አለኝ።

«እንጃ» አልኩት። ሌላ ነገር ማለት ነበረብኝ።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ምን እንዳደረግኩ ልጻፈው። ለማንም አልነግረውም።

እማዬ ቴዎን ማለዳ ይዛው ሄዳ አስቆረበችው። አራት ሰዓት ላይ እኔና እሱ ለምራቁ ቀጠሮ ጤና ጣቢያ ደረስን። ሲስተር ሀኒፋ ሁለት ቱቦ ሰጠችን። ስም የለባቸውም፣ ቁጥር ብቻ። «እስከ መስመሩ ሙሉ። አረፋው አይቆጠርም» ብላን አንዲት እናት ጠራቻትና ወጣች።

ቴዎ አፉን በነጠላው ሸፈነ። «ቆርቤያለሁ እኮ።»

ደነገጥኩ። የቆረበ ሰው አይተፋም። ጠዋት ከቤት ሲወጡ አይቻቸው የለ? እንዴት አላሰብኩትም? ሲስተር ሀኒፋ ደግሞ እስላም ናት፣ ከየት ታውቃለች? መንገር ነበረብኝ። ተነሣሁ። ኮሪደሩ በሰው ጢም ብሏል። ሁሉም ዞረው ያዩኝ መሰለኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«ዛሬ ካልሰጠሁ ይሰርዙኛል» አለ ቴዎ። ድምፁ እንደ ሕፃን ሆነ።

የራሴን ሞላሁ። ሎሚ እያሰብኩ። ከዚያ የሱን ተቀበልኩትና እሱንም ሞላሁት። ምራቄ አልቆ ጉሮሮዬ ደረቀ።

«ምን አለበት፣ የአንድ እናት ልጆች አይደለን?» አልኩት።

ሲስተር ሀኒፋ ተመልሳ «ጎበዞች!» አለችን። ቴዎ ቀና ብሎ አላያትም። እኔም።

ኅዳር 13

የአንድ እናት ልጆች መሆን የሚበቃ ከሆነ ለምን ሁለት ቱቦ አስፈለገ?

ኅዳር 25

ሁለቱን ቱቦ ያስተያያሉ። አንዱ የበሽተኛ፣ አንዱ የጤነኛ። ሁለቱም ግን እኔ ነኝ... ታዲያ ምን ሊያገኙ ነው? «ልዩነት የለም» ብለው ቢጽፉስ? ወይስ የኔን ምራቅ አይተው «የበሽተኛው በር ይኸውና» ቢሉስ? ያኔ እኔ ምንድን ነኝ?

እኔ ድምፅ አይሰማኝም። ግን በር ሲንኳኳም አልከፍትም። የሱ በሮች አብዝተው የሚከፍቱ ከሆነ የኔ ጭራሽ የማይከፍቱ ይሆኑ? እሱስ በሽታ አይባልም? ማን ይጠየቃል?

ቴዎ ማታ ማታ ኪኒኑን ራሱ አንሥቶ ይውጣል። ድሮ እማዬ ለምናው ነበር። ትናንት «ጥናት ላይ ያለሁ ሰው ነኝ» አላት። ደረቱን ነፍቶ። የሚሰማው ድምፅም ቀንሶለታል፣ ከሩቅ እንደሚሰማ ሬዲዮ ሆኗል አለኝ።

ቱቦው ውስጥ እንደሌለ ያውቃል። ቢሆንም ደስ ብሎታል። አልገባኝም።

ታኅሣሥ 8

ለሲስተር ሀኒፋ ልነግራት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አግዳሚው ላይ አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ። የምለውን በልቤ ደጋገምኩት። ሲስተር ሀኒፋ ራሷ መጣች።

«ቤቲ! ምን ልርዳሽ?»

«መጸዳጃ ቤት የት ነው?» አልኳት።

መጸዳጃ ቤቱን አውቀዋለሁ።

ጥር 6

እማዬ ስልክ ተደወለላት። ሲስተር ሀኒፋ። እማዬ «እሺ... እሺ... ምን?» አለችና ስልኩ ከእጇ ሊወድቅ ነበር።

«የቴዎድሮስ ምራቅ የሴት ነው ይላል አለችኝ! ማሽኑ ሴት ናት አለ!»

ሲስተር ሀኒፋ ቱቦው ከሌላ ሰው ጋር ተቀያይሮ ይሆናል ብላትም ነበር። እማዬ እሱን የት ሰምታው። «ድሮም ብያለሁ! የያዘችው ሴት ዛር ናት። ይኸው ማሽኑ እንኳ አያት» ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ወዲያው ሻንጣ አወጣች። ሐሙስ ጸበል ይዛው ልትሄድ ነው፣ ሩቅ፣ ለሁለት ወር። ኪኒኑን ከኮመዲኖው አንሥታ በጨርቅ ቋጠረችው። «እዚያ ኪኒን አይገባም። ከዛር ጋር ኪኒን ምን ያደርጋል?»

ቴዎ ግድግዳውን ተደገፈ። ከዚያ እኔን አየኝ። እኔን ላለማጋለጥ ሊሄድላት ነው እንዴ?

አምና እንዲሁ ኪኒን ሲያቆም በአሥራ አምስተኛው ቀን ከቤት ጠፍቶ ፉሪ ሜዳ ላይ በባዶ እግሩ ነው ያገኘነው።

«ሴቷ እኔ ነኝ» አልኩ።

እማዬ አልሰማችኝም። ድምፄ ሁሌም እንደዚህ ነው።

«እማዬ! ሴቷ እኔ ነኝ! የሚካኤል ዕለት ቆርቦ ስለነበር እኔ ነኝ የተፋሁለት!»

ጮኼ ነበር። ጎረቤት ሳይሰማ አይቀርም።

እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈርቼ።»

«እኔን?»

«ሰውን ሁሉ።»

ከዚያ ጨርቁን ፈታች። «ጸበሉ ግን አይቀርም» አለች።

«ከኪኒኑ ጋር ከሆነ እሄዳለሁ» አለ ቴዎ።

እማዬ ሻንጣውን አልጋ ሥር መለሰችው። እኔ ስልኩን አንሥቼ ለሲስተር ሀኒፋ ደወልኩ። ራሴ። ሦስት ጊዜ ዘግቼ በአራተኛው።

ጥር 13

በር ተንኳኳ። ከፈትኩ።

ሲስተር ሀኒፋ አዲስ ቱቦ ይዛ ቆማለች። ገና ሳትቀመጥ ተቆጣችኝ። «ሁለት ወር ሙሉ! አንድ ቃል ብትነግሪኝ ቀጠሮውን ለማግስቱ አደርገው ነበር እኮ!»

ቀጠሮ እንደሚዞር በምን አውቄ... ያን ሁሉ ቀን የተጨነቅኩት ለዚህ ነው?

«ደግሞ የእኛዎቹ በረመዳን ይመጡና ምራቄን ብውጥ ጾሜ ይፈርሳል ወይ ይሉኛል። ከሁሉም ወገን ምራቅ ገደለኝ!» አለች። እማዬ ሳቋ አመለጣት።

ቴዎ ቱቦውን ይዞ ቆየ። «ይኼ ጥፋቴ እንዳልሆነ ያሳያል?»

«አያሳይም» አለች ሲስተር ሀኒፋ። «ጥናቱ ዓመታት ይፈጃል። ለብቻህ የሚነገርህ ውጤትም የለም። ያንን ግን እኔ አሁን እነግርሃለሁ። ጥፋትህ አይደለም።»

ይኼ ኅዳር ላይ ከኔ አፍ መውጣት ነበረበት። አሁንም ስለነዚያ በሮች የገባኝ ነገር የለም። የኔም እንዴት እንደሆኑ አላውቅም።

ቴዎ ሞከረ። አፉ ደርቋል፤ ኪኒኑ ያደርቀዋል። «ሎሚ አስብ» አልኩት። ዓይኑን ጨፍኖ አሰበ። ቱቦው ግማሽ ሲደርስ ወደኔ ዞረና እንደ ሽማግሌ ግንባሬ ላይ «እንትፍ፣ እንትፍ! እደጊ፣ ተመንደጊ!» አለኝ።

ግንባሬ ረጠበ።

«አንተ!» አለች እማዬ፣ «መስመሩ ሳይደርስ አታባክነው!»