ለኪራይ ቤት የተላኩ ሽማግሌዎች

ሰኞ

ዛሬም እምቢ አለች። ሐጋ ሰናእ ማለቴ ነው። እዚህ ካይሮ፣ ቡላቅ አል-ዳክሩር ሰፈር፣ ከሴቶች ማኅበራችን ክፍል ጀርባ ያለው ፎቅ ባለቤት ናት። አራተኛው ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ባዶ ቤት አላት፤ በረንዳ ያለው፣ ፀሐይ የሚገባው። ደወልኩላት። «ለሐበሻ አላከራይም፣ ኸላስ፣ አበቃ» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ከዚህ በፊት ከእሷ የተከራዩ የእኛ ልጆች ሲጨፍሩ ከርመው ሳይሰናበቷት ውልቅ ብለዋል አሉ። እነሱ ጨፍረው ወይንሸት ትቀጣ?

ወይንሸት ካርቱም ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበረች። ጦርነቱ ሲመጣ ሦስት ልጆቿን ይዛ በረሃ አቋርጣ እዚህ ደረሰች። ባሏ የት እንደቀረ እስከ ዛሬ አታውቅም። አሁን ከሌላ ቤተሰብ ጋር አንዲት ክፍል ተጋርታ ነው ያለችው። ያም ቤት ተሸጦ ቅዳሜ ልቀቁ ተብለዋል። ማኅበራችን የልብስ ስፌት መኪና ገዝቶላታል፤ አንሶላ ለብሶ ክፍላችን ጥግ ቆሟል። የት ታስቀምጠው? ደረጃ ላይ? ቤት ብቻ ታግኝ እንጂ ልጆቿን በእጇ ሥራ ታሳድጋለች። ስፌቷን አይቻለሁ፣ አልጠራጠርም።

ድስት ሳጥብ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሰው ልጁን እንኳ በሽማግሌ ይድር የለም እንዴ? ቤት ምን ትልቅ ነገር ሆነና! ሽማግሌ እልክባታለሁ። በራሴ ኮራሁ።

ማክሰኞ

ጉድ ሆንኩ።

ጋሽ መኮንንና አቶ ኃይሉ ሄደው ነበር። ጋሽ መኮንን አገር ቤት አስተማሪ የነበሩ፣ እዚህ ካይሮ ደግሞ ስንት ባልና ሚስት ያስታረቁ ሰው ናቸው። አረብኛቸው ለገበያ ይበቃል። አቶ ኃይሉ አይናገሩም፤ ክራቫት አድርገው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ አብሬ ልሂድ ብል «ላኪ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም» ብለው ከለከሉኝ።

ሞሃንዲሲን ሰፈር የምንከባከባቸውን አሮጊት ምሳ አብልቼ ስመለስ፣ ማይክሮባስ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ መኮንን ናቸው። «ዘነበች፣ ሴትዮዋ አብዳለች!»

ያበደችስ እሷ አይደለችም። ሐጋ በሩን ከፍታ ተቀበለቻቸው። ተቀመጡ አለች፣ ቆሙ። ሻይ በትሪ አቀረበች፣ አልነኩም። በእኛ ወግ የተላከ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ አይቀምስም። ይህን እሷ ከየት ታውቃለች? ጋሽ መኮንን ስለ ፈጣሪ ቸርነት፣ ስለ ጉርብትና፣ ስለ ዓባይ ውሃ መግቢያቸውን እያስረዘሙ፣ የወይንሸት ስም ገና ሳይነሳ፣ ሐጋ ትሪውን አንስታ «ወንበሬ ቆሻሻ ነው? ሻዬ መርዝ አለው?» ብላ ጮኸች። ጎረቤቱ ሁሉ በየበሩ ወጥቶ ሰማ። አባረረቻቸው።

ሳቄም መጣ፣ ንዴቴም መጣ። ሁለት ግንድ የሚያካክሉ ወንዶች፣ አንዱ ከነክራቫቱ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ሳሎን መሀል ተገትረው! ግን ጥፋቱ የእኔ ነው። በዚህ አገር ሰው ቤት ገብተህ ሻዩን ካልጠጣህ ሰውየውን ሰደብከው ማለት ነው። ይህን እያወቅኩ አልነገርኳቸውም። ወይንሸት ደውላ «እንዴት ሆነ?» አለችኝ። «እየተነጋገርን ነው» አልኳት። ውሸት አይደለም፣ ነገ እነጋገራለሁ።

ረቡዕ

ብቻዬን ሄድኩ። ባዋቡ፣ የፎቁ ዘበኛ፣ ሲያየኝ ገና ሳቀ። ወሬው ደርሶታል።

ሐጋ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች። አላስገባችኝም። «ማሌሽ ያ ሐጋ» ብዬ ጀመርኩ፣ አልሠራም። ይቅርታ መጠየቁን ትቼ ነገሩን ማስረዳት ያዝኩ። ሽማግሌ ምን እንደሆነ፣ ሴት ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሰው እሺ እስኪባል ቆሞ እንደሚጠብቅ፣ አለመጠጣቱ ንቀት ሳይሆን ልመና እንደሆነ። «ቤትሽን እንደ ሙሽራ ነው የጠየቁሽ» አልኳት።

በሩ ትንሽ ተከፈተ።

«አባቴ ሰዒዲ ነው» አለች። ከላይኛው ግብፅ ማለቷ ነው። እዚያም ትልቅ ጉዳይ ይዞ የመጣ እንግዳ የቀረበለትን ቡና እፊቱ ያስቀምጠውና «ጉዳዬ ካልተፈጸመ አልጠጣም» ይላል አለች። አባቷ ቤት በልጅነቷ አይታለች። ቀጥሎ ግን ጣቷን ደረቴ ላይ ቀሰረች። «መጀመሪያ ጉዳዩን ይናገራል፣ ያ ዘይነብ! የአንቺዎቹ ሻዬን ገፍተው ጣሪያዬን ያያሉ!»

ዘይነብ ነው የምትለኝ። ከዛሬ ጀምሮ እኔም ለምጄዋለሁ።

ዓርብ ተመልሰው ይምጡ፣ እነዚያው ሰዎች፣ በሥርዓቱ ይጠይቁኝ አለች። እሺ አላለችም። እምቢም አላለችም። ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ፣ በዚህ ጉልበቴ።

ሐሙስ

ጋሽ መኮንን አኮረፉ። «ተባርሬ ደግሞ በገዛ እግሬ? ሞቼ ነው ቆሜ?» አሉ። አባበልኳቸው፣ አልሆነም። ለመንኳቸው፣ አልሆነም። በመጨረሻ ተናደድኩና «እንግዲያው አቶ ኃይሉ ይናገሩ» አልኩ። ይኼኔ ተነሱ። ያለ እሳቸው ሌላ ሰው እንዲናገር የማይፈልጉ ሰው ናቸው።

አለማመድኳቸው። መቀመጥ። ጉዳዩን አስቀድሞ መናገር፣ በአጭሩ። ዓባይ የለም፣ መግቢያ የለም። አጭር ንግግር ለሳቸው ቅጣት ነው፤ ፊታቸው እንደ ታመመ ሰው ሆነ።

ወይንሸት ጋ ሄድኩ። ዕቃዋን በሁለት ማዳበሪያ አስራ ጨርሳለች። ትልቋ ልጇ ማዳበሪያው ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራ ትሠራለች። ወይንሸት «እትዬ ዘነቡ፣ ካልሆነ ልጆቹን ይዤ ማኅበሩ ክፍል ወለል ላይ እተኛለሁ» አለችኝ። ክፍሉን ያከራየን ሰውዬ ማንም እንዳያድርበት ብሎ አስፈርሞናል። አልነገርኳትም። «ይሆናል» አልኳት። ከቤቷ ስወጣ ግን ፈራሁ። እውነቱን ልጻፍ እንጂ፣ በጣም ፈራሁ።

ዓርብ

ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ሄድን። በዚህኛው ጊዜ አስተርጓሚ ነኝና ማንም አልከለከለኝም። ወይንሸትን ከነልጆቿ ታች ደረጃው ላይ ትቻት ወጣሁ።

ተቀመጡ ስትላቸው ተቀመጡ። ናና ያለበት ሻይ ቀረበ። ጋሽ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፣ ዓባይ መጣብኝ አልኩ። «አንዲት እናት ከሦስት ልጆቿ ጋር ቤትሽን ትፈልጋለች። ኃላፊነቱ የእኔ ነው። እሺ እስክትይን አንጠጣም።» አበቃ! አቅፌ ልስማቸው ነበር።

ሐጋ መጠየቅ ጀመረች። ጭፈራ ይኖራል? አይኖርም። ሳይነግሩኝ ቢጠፉስ? «እኔ እዚሁ ነኝ፣ በሬን አንኳኪ» አሏት ጋሽ መኮንን። ሻዩ ሲቀዘቅዝ አያለሁ። አቶ ኃይሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«ሴትዮዋ የታለች?» አለች ሐጋ።

ሮጬ ጠራኋት። ትንሹ ልጅ ትከሻዋ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ሐጋ ልጁን አየችው፣ የወይንሸትን አቧራ የለበሰ ጫማ አየች። ከዚያ ከትሪው ላይ አንዱን ብርጭቆ አንስታ ሰጠቻትና «ጠጪ» አለቻት።

ወይንሸት አረብኛውን ከማናችንም በላይ ትሰማለች። ግን ብርጭቆውን ይዛ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። እነሱ አልቀመሱም፤ እንዴት ብላ ትቅደማቸው?

«ጠጪ እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። «እሺ ማለቷ ነው!»

ጠጣች። እንባዋ ብርጭቆው ውስጥ እየገባ ጠጣች። እኔም አለቀስኩ፣ ማን ይከለክለኛል። ጋሽ መኮንን ቀዝቃዛውን ሻይ አንዴ ጨልጠው ሌላ ይደገምልኝ አሉ። ከዚያ ቁጭ ብለው ያን የዓባይ ውሃ ንግግራቸውን ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሐጋ እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው።

ቅዳሜ

ገባች! ልማዳችን ነው፣ ቤት ላገኘ ሰው እያንዳንዷ አባል ከቤቷ አንድ ነገር ታመጣለች። የመጣው ይኼ ነው፦ ሁለት ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ክዳን የሌለው ድስት፣ ድስት የሌለው ክዳን (አይገጥሙም)፣ ምንጣፍ፣ የተሰነጠቀ መስታወት። የስፌት መኪናውን አቶ ኃይሉ ተሸክመው አራት ፎቅ አወጡት፣ ክራቫታቸውን ሳይፈቱ። ወይንሸት ከበረንዳው በር አጠገብ አስቀመጠችው፣ ብርሃን ካለበት።

ሁሉም አልሞላም። ውሃው ቀን ቀን አራተኛ ፎቅ አይደርስም። ሐጋ የውሃ መሳቢያው ሞተር ይጠገናል፣ ኢንሻአላህ ብላለች። ያን ኢንሻአላህ አውቀዋለሁ። ደግሞ ደንበኛ ከየት ይመጣል? ይህን እያሰብኩ ወለል ስጠርግ በር ተንኳኳ።

ሐጋ ናት። የሳሎኗን መጋረጃ በክንዷ ይዛለች። ሲታጠብ አጥሯል፣ ጠርዙ ይፈታና እንደገና ይሰፋልኝ አለች። ወይንሸት ፍራሹ ላይ አስቀመጠቻት፣ በተውሶ ብርጭቆ ሻይ ሰጠቻት። ሐጋ ብርጭቆውን ወለል ላይ አስቀመጠችው። ወደ እኔ አንዴ ሰረቅ አድርጋ አየችና ፊቷን አኮሳተረች።

«መጋረጃዬ መቼ እንደሚደርስ ካልነገርሽኝ አልጠጣም።»

ወይንሸት ደንግጣ አየችኝ። ሳቄ እንዳያመልጠኝ አፌን ያዝኩ። ወይንሸት መጋረጃውን አገላብጣ አየች፣ ጠርዙን በጣቷ ለካች።

«ቡክራ» አለች። ነገ ማለቷ ነው።

ሐጋ ብርጭቆውን አነሳች።