የአሸተን ሽማግሌዎች

ላሊበላ፣ ጥቅምት 1972 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ወንድሜ ሸዕባን፣

የመሠረተ ትምህርት ሥልጠናው ዛሬ እረፍት ስለሆነ በማለዳ ወደ አሸተን ማርያም ተራራ ወጣሁ። ጭጋጉ ገና አልተገለጠም። ገደሉ አፋፍ ላይ ለምድ የደረቡ ሽማግሌዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ጋቢዬን ከራሴ ላይ አውርጄ፣ ጎንበስ ብዬ፣ «እንደምን አደራችሁ አባቶቼ» አልኩ። አንደኛው ዞር አለና ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን አሳየኝ። ለካ ሁሉም ጭላዳ ዝንጀሮ ኖረዋል። በቅሎዬን የሚስበው ወርቅአገኘሁ አንገቷ ላይ ተደፍቶ ሳቀ። «አይቆጡዎትም መምህር፣ እነሱም እንደኛ ፀሐይ ሊሞቁ ነው የወጡ» አለኝ።

እኛ ባቲ ፀሐይ ብቅ ስትል ጥላ ፍለጋ ነው የምንሮጠው። እዚህ ሰውም አውሬውም የሚሻማው ለፀሐይ ነው። እኔና ሀሰን ዋርካው ሥር ባለች አንዲት መቀመጫ ተጣልተን ዓመት ሙሉ መኳረፋችን ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

ፖስታ ካርዱ ሞላብኝ። ኡሙሀኒን ሰላም በልልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ። ለሀሰንም ንገረው፤ ለጭላዳ ያጎነበስኩ ሰው ለእሱ ሰላምታ አልነፍግም። ጥላው ሥር ይቀመጥ፣ ብቻ ስመጣ ትንሽ ጠጋ ይበልልኝ።

አብዱልሀሚድ