እውነቱን የጻፈ ታካሚ ወደ ሰልፉ መጨረሻ እንዳይገፋ ስለመጠየቅ

ጥቅምት 15 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለጥርስ ሕክምና ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በአራት ቀጠሮ ሳልታከም ስለመመለሴና ተራዬ እንዲከበርልኝ ስለማመልከት

ክቡር ሆይ፤

እኔ አመልካች በማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። ረቂቁን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ፤ ባልደረባዬ የታተመውን ይዞ ያመሳክራል። ሃያ ስድስት ዓመት በአንደበቴ ያደርኩ ሰው ነኝና ስለ አፌ መጻፌ ከቅንጦት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ።

1. ኤች አይ ቪ በደሜ ከተገኘ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ያኔ ምላሴን ነጭ ቁስል አልብሶት ውሃ መዋጥ ተስኖኝ ነበር። መድኃኒቱ ያንን አጥፍቶ ወደ ሥራዬ መልሶኛል፤ ውለታውን አልክድም፤ አንድ ቀንም አላቋረጥኩም። ውሎ አድሮ ግን አፌ ይደርቅ ጀመር። ባልደረባዬ «ጋሼ፣ ከረሜላ ይምጠጡ እንጂ፤ ገጹ ሳያልቅ ድምፅዎ እያለቀ ነው» ቢለኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ስመጥ ኖርኩ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ በማንም አላሳብብም።

2. በሐምሌ ሐኪምዎ መርምረውኝ፣ ምራቅ ሲያንስ ጥርስ ቶሎ እንደሚበላ፣ መድኃኒቱን ግን ከቶ እንዳላቆም አስረዱኝ። ሦስት ጥርሶቼም ፈጥነው ከተሞሉ እንደሚድኑ ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ አራት ሰኞ ከማለዳ ጀምሮ ተሰልፌያለሁ። ካርድ ሲወጣ የሚሞላው መጠይቅ ነባር ሕመም ይኖርብኝ እንደሆነ ይጠይቃል፤ አለብኝ ብዬ እጽፋለሁ። ተረኛዋ ነርስ ካርዴን ከሁሉም በታች ታስገባለች። «አባባ፣ እንደርስዎ ያሉት መጨረሻ ነው የሚገቡት፤ ዕቃው እንዳይነካካ» ትለኛለች። መጨረሻው ሳይደርስ የሥራ ሰዓት ያልቃል።

በሦስተኛው ሰኞ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው፣ ማንነቱን አልገልጽም፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አባባ፣ ለእውነት ሽልማት የሚሰጡበት መስኮት ሌላ ነው። እኔም ያንኑ ኪኒን ነው የምውጠው፤ የለብኝም ብዬ ጻፍኩ» አለኝ። ቀድሞኝ ገባ፤ ታክሞ ወጣ። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ግን አፈርኩ።

3. ዕቃው ለእያንዳንዱ ታካሚ በሚገባ የሚቀቀል ከሆነ እኔ ወደ ኋላ የምቀርበት ምክንያት የለም። የማይቀቀል ከሆነም ከእኔ በፊት የገቡት ሁሉ ሊሰጉ ይገባል። ይህ አሠራር የሚለየው በሽታን አይደለም፤ የሚለየው እውነቱን የጻፈውን ብቻ ነው። እንዲህ ከቀጠለ ቅን ሰዎችን ውሸት ማስተማሩ አይቀርም።

ባለፈው ረቡዕ ከሦስቱ ጥርሶች አንዱ በማነብበት መሃል ተሰብሮ ገጹ ላይ ወደቀ። ባልደረባዬ በቁራጭ ወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ትናንት ያንኑ ይዤ ብመጣም ካርዴ ከታች ነበር። ባለቤቴ «እስቲ አንድ ቀን መጠይቁ ላይ ዝም በል፤ ዝምታ ከውሸት አይቆጠር» ትለኛለች። በእርጅናዬ ደክሞኛል፤ ልሰማት ጥቂት ነው የቀረኝ።

ስለዚህ ካርዴ በመጣሁበት ተራ እንዲቀመጥ፣ ወደ ኋላ የሚያስቀር ደንብ ካለም በጽሑፍ እንዲሰጠኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ሁለት ጥርሶች ቀርተዋል። በሚመጣው ሰኞ በሩ ሳይከፈት እገኛለሁ፤ መጠይቁንም እንደ በፊቱ እሞላለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አመልካች፦ የካርድ ቁጥር 417 ባለቤት
(ፊርማ)