ሰፈሩ ዝም ያለ ቀን

ውድ ጋሼ ሰይፈሚካኤል፣

ይህን ደብዳቤ ቆመው እንዳያነቡት። የያዝኩት ከባድ ዜና ነውና ወንበር ይሳቡ፣ መነጽርዎን ይጥረጉ፣ ልጅዎ ትንሣኤም አጠገብዎ ትሁን። ተቀመጡ? እንግዲህ በጥልቅ ሐዘን ላስታውቅዎ፦ ባለፈው ቅዳሜ እርስዎ ሞተዋል። ሰፈሩም አልቅሷል። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው።

አይደንግጡ እንጂ! ልብዎን ላድን ብዬ የለፋሁትን በአንድ ወረቀት እንዳላበላሸው። በስልክ እንዳልነግርዎ ትንሣኤ "ሲጮህ አባዬን ያስደነግጠዋል" ብላ ስልክዎን ዘግታ ሳጥን ውስጥ ከታዋለች። ስለዚህ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመውን የእጅ ጽሑፌን ይታገሱ።

ያን ቀን በባጃጄ ክሊኒክ የወሰድኩዎት ትዝ ይልዎታል? ነርሷ ማህሌት የደም ግፊትዎን ለካች፣ ደግማ ለካች፣ ፊቷ ተለወጠ።

"አባባ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው?"

"እተኛለሁ፤ ግን ደክሞኝ ነው የምነሳው።"

"ሰፈርዎ ጫጫታ አለው?"

እርስዎ ሰው ማማት አይወዱም፤ እኔ ግን ሐሜት አልፈራም። "እህቴ፣ አጥራቸው ሥር ጫማ ቤት ተከፍቷል። ሞንታርቦው ከጫማው ብዛት ይበልጣል። ገና ሳይነጋ ይጀምራል!"

አልሳቀችም። "ሲተኙ ዓይን ይከደናል፤ ጆሮ ግን ክዳን የለውም" አለች። "እርስዎ ቢተኙም ጩኸት ሲመጣ ሰውነትዎ አደጋ የደረሰ ይመስለዋል። ግፊት ይጨምራል፣ ልብ ይሮጣል። ዕለት ዕለት ሲደጋገም ልብን ይጎዳል። መድኃኒቱን ይዋጡ፤ ጫጫታውንም ይሽሹ።" እኔ እኮ ልብን የሚጎዳ ፍቅርና ጮማ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እርስዎም ሸሽተው ቱላ፣ ትንሣኤ ዘንድ ገቡ። መሄድዎ ባልከፋ። ግን ሲወጡ "ክብሩ፣ ቤቱን እሸጠዋለሁ" አሉኝ። ጋሼ፣ እናቴ ያንን ግቢ ተከራይታ ስትገባ እኔ የተከራይ ልጅ ነበርኩ፤ የእርስዎ ልጅ ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት። ያንን በር ሌላ ሰው ሲከፍተው ቆሜ አላይም። አይሸጥም አልኩ። ለራሴ ነው ያልኩት፤ ግን ጮክ ብዬ።

መጀመሪያ እንደ ጨዋ ሰው ሄጄ ባለ ጫማ ቤቱን እስራኤልን ለመንኩት።

"ወንድሜ፣ ትንሽ ቀንሰው። ጋሼን ልባቸውን ያማቸዋል።"

"አንተ ቀልደኛ! ሰው ድምፅ ካልሰማ ጫማ አይገዛም።"

"ጫማ የሚለካው በጆሮ ነው እንዴ?"

"ሂድ ባጃጅህን ንዳ!"

ደግሜ ሄድኩ፣ ደግሜ ተባረርኩ።

ዓርብ ዕለት እድራችን ቀብር ነበረበት፤ ዝናቡም ድንኳኑን አራሰው። ድንኳን ተካይና ነቃይ እኔ መሆኔን ያውቃሉ። ሊቀመንበሩ ጋሽ ወልደጻድቅ "ሳይደርቅ እንዳትጠቀልለው፣ ይሻግታል" አሉኝ።

"የት ላድርቀው?"

"ፀሐይ ያለበት ነዋ!"

እውነቴን ነው ጋሼ፣ ፒያሳን ብዞር ከእርስዎ በር ፊት ለፊት የበለጠ ፀሐይ አጣሁ። ቅዳሜ ጠዋት ወጥሬ ተከልኩት። ከአፌ አንዲት ቃል አልወጣችም። ደግሞስ ማን ጠየቀኝ? የታመመ ሰው በር ላይ ድንኳን ያየ ምን ብሎ ይጠይቃል?

መጀመሪያ ፀጉር ቤቱ ዘፈኑን አጠፋ። ባጃጆች ክላክስ ሳይነኩ ቀስ ብለው አለፉ። ቆራሌው "ቆራ" ብሎ ሌላውን ዋጠው። በመጨረሻ የእስራኤል ሞንታርቦ ጸጥ አለ። ጋሼ፣ ጣራ ላይ የቆመ አባ ኮዳ፣ ያ ግዙፍ ወፍ፣ ክንፉን ሲዘረጋ ሰማሁ! እዚያው አድጌ የአባ ኮዳ ክንፍ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር።

ከዚያ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣ ጀመር። ነገሩ ከእጄ ሊወጣ ነው፣ ልናገር ስል እስራኤል ገባ። ወንበር ላይ ኩርምት ብሎ ተንሰቀሰቀ።

"እኔ ነኝ የገደልኳቸው" አለ። "ነግረኸኝ ነበር፤ እኔ ሳቅኩብህ።"

ያኔ ቀልዱ አፌ ውስጥ መረረኝ።

"እስራኤል፣ ጋሼ አልሞቱም።"

"ምን?"

"ቱላ ናቸው። አሁን ምናልባት ሙዝ እየበሉ ነው። ድንኳኑ ሊደርቅ ነው የተተከለው።"

የእግሩን ጫማ አውልቆ በድንኳኑ ዙሪያ አሳደደኝ። ጠንካራ ጫማ ነው የሚሸጠው፤ ጀርባዬ ምስክር ነው። ጋሽ ወልደጻድቅ "ይህ ልጅ ከእድር ይባረር!" እያሉ ይጮሃሉ። እንባና ሳቅ የተቀላቀለባቸው ጎረቤታችን እትዬ ሙሉጌጥ ግን ተነሡ።

"ተዉት እስቲ። ሞቱ ስንባል ሁላችን በአንዴ ዝም አልን። ሰውየው በሕይወት ሳሉ ዝም ማለት ምን አቃተን?"

ድንኳን ተተክሏል፣ ሰው ተቀምጧል፤ ለቅሶው እዚያው ስብሰባ ሆነ። እኔም ለአንድ ጊዜ ሳልቀልድ ማህሌት ያለችውን እንዳለችው ነገርኳቸው። እስራኤል እንደተኮሳተረ ሄዶ ሞንታርቦውን ከበር አንስቶ ወደ ጓዳ ከተተው፣ ድምፁንም ቀነሰው። ሰኞ ሳልፍ ጠራኝና፣ "ዛሬ ደንበኛ ዋጋ ሲከራከረኝ አፉ ምን እንደሚል ሰማሁት" አለኝ። ይቅርታ ማለቱ ይሁን ስድብ አልገባኝም።

እኔ ግን ገና አልጨረስኩም። ማዶ ያለው ሎተሪ ሻጭ ሜጋፎኑን አልተወም። ነገ እሄድበታለሁ፤ ቢያባርረኝ ከነገ ወዲያም እሄዳለሁ። የባጃጅ ጓደኞቼን በርዎ አካባቢ ክላክስ እንዳይነኩ አስምያቸዋለሁ። እኔም ምያለሁ፤ እጄን በጣም ይበላኛል፣ ግን አልነካም።

እርስዎም ለሽያጩ እንዳይፈርሙ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጥቼ እወስድዎታለሁ። እምቢ ቢሉኝ በሚቀጥለውም እሑድ እመጣለሁ። አንድ ከሰዓት ብቻ የገዛ አልጋዎ ላይ ጋደም ይበሉና ልብዎ ራሱ ይፍረድ።

እንግዲህ ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ወረቀት ያስጨረሰኝ ጉዳይ ሲጨመቅ፣ አንድ የድምፅ ማጉያ ከበር ወደ ጓዳ መዛወሩ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ወሬ እንኳ አይሞላም።

እስኪመጡ በርዎን የሚጠብቅ፣
ክብሩ