ትንሿ ካሜራና የጋሽ ኢብሮ ድምፅ

ቂርቆስ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ ሃድጉ፣

ሐዋሳ ተስማማችዎት? ሲምረት በስልክ «አባዬ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ይራመዳል፣ እንቅልፉም ተስተካክሏል» ስትለኝ ደስ አለኝ። እኔ ደህና ነኝ። መደወል እየቻልኩ ለምን እንደጻፍኩ ይገርምዎት ይሆናል። ብደውል እርስዎ «በቃ ተይው ጃለኔ፣ አልፏል» ይሉኛል፤ እኔም የያዝኩትን ሳልጨርስ እዘጋለሁ። ወረቀት አያቋርጠኝም ብዬ ነው።

መጀመሪያ የሚከብደኝን ልናገር። ካዛንቺስ የነበረው ስቱዲዮ ለልማት ሲነሳ፣ እርስዎ ዕቃ በጫኑበት ቅዳሜ፣ ታምሜ አልነበረም። «ትኩሳት ይዞኛል» ብዬ መልእክት የላክሁልዎት አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ ደህና ሆኜ ነው። አኩርፌ ነበር። ስድስት ዓመት አብሬዎት ስሠራ ያቺ ትልቋ የትከሻ ካሜራ አንድ ቀን የእኔ ትሆናለች ብዬ በልቤ ወስኜ ነበር። እርስዎ ቃል አልገቡልኝም፤ እኔ ነኝ ለራሴ ቃል የገባሁት። ከዚያ ትልቋን ሸጧት፤ ለእኔ ደግሞ መዳፍ ላይ የምታልቀዋን ትንሿን የኪስ ካሜራ ሰጡኝ።

«ርካሽ ናት ብለሽ እንዳትንቂያት። ኤችዲ ናት፣ ዓይኗ ደህና ነው። ጠባይዋን ካወቅሽላት ታገለግልሻለች» አሉኝ።

አመስግኜ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን አለቀስኩ። ልጅ ማባበያ መሰለችኝ። ቤት ስደርስ ካልሲ የማስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ ወረወርኳት፤ ስምንት ወር ሙሉ እዚያው ተኛች። እርስዎም ሳይሰናበቱኝ ሄዱ። ማለቴ፣ እኔ ነኝ ያልተሰናበትኩዎት።

አሁን መስቀል ፍላወር አንድ የፎቶ ኮፒና የጉርድ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ቤት የተከራየሁት ደግሞ ቂርቆስ ነው። ከግቢያችን ፊት ለፊት አንድ ፀጉር ቤት አለ፤ ባለቤቱ ጋሽ ኢብሮ ይባላሉ። አያውቋቸውም፤ ቢያውቋቸው ይወዷቸው ነበር። ሰው ፀጉሩን ሊስተካከል ይገባል፣ ከተስተካከለ በኋላም ወሬያቸውን ሊሰማ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል። ጠዋት በር ላይ ቆመው ሰላምታ ሲያቀርቡ ድምፃቸው የእኔ ክፍል ድረስ ይመጣ ነበር። «ጃለኔ! ዛሬም ፀሐይዋ ቀደመችሽ!» ይሉኛል። እየሮጥኩ እየሳቅሁ አልፋለሁ።

መስከረም ላይ ድምፃቸው መሻከር ጀመረ። ጉንፋን ነው ተባለ፤ ዝንጅብል ጠጡ። ጥቅምት ላይ ሐኪም አይቷቸው ማንቁርታቸው ላይ ዕጢ መገኘቱን ነገራቸው። ኦፕራሲዮኑ ሕይወታቸውን ያተርፋል፣ ግን ማንቁርቱ አብሮ ይወጣል። ከዚያ በኋላ በራሳቸው ድምፅ መናገር አይችሉም። ሐሙስ እንዲተኙ ቀጠሮ ተያዘላቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት ልጃቸው ሙሐሲን በሬን አንኳኳ። በቁመቱ በሩን ሞላው፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ጃሉ፣ አንቺ ስቱዲዮ ትሠሪ ነበር አይደል? አባባን ቅረጪልን። ልጅ ስወልድ አያቱ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ይስማ ብዬ ነው።»

«ስልክህስ?» አልኩት።

«ሞከርኩ እኮ። ገና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ስልክ ተደወለና ተቋረጠ። ከዚያ ደግሞ ሚሞሪው ሞላ። አባባ ተናደደ፣ ተነስቶ ሄደ።»

ቤት ውስጥ ያለኝ ካሜራ ያቺ ብቻ ነበረች። ከመሳቢያው አውጥቼ ባትሪዋን ሞላሁ። ጋሽ ሃድጉ፣ በዚያች ሰዓት እንኳ አልተማርኩም። አንዴም ሳልሞክራት፣ እንደ ትልቋ ትሆናለች ብዬ እሑድ ቤታቸው ይዣት ሄድኩ።

ሳሎናቸው ሰው ሞልቶታል። ጋሽ ኢብሮን መስኮቱ ጋ፣ ጀርባቸውን ለብርሃን ሰጥተው አስቀመጥኳቸው፤ መጋረጃው ያምራል ብዬ ነው። ሁሉም ሰው እንዲገባልኝ በሩ ድረስ አፈገፈግሁ፤ ፊታቸውን ስፈልግ ደግሞ ዙሙን እጎትታለሁ። ክንዴ ሲደክመኝ እጅ እቀያይራለሁ። እሳቸው ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ቃል እንደሚሰጥ ምስክር ተገትረው ሃምሳ ደቂቃ ተናገሩ። መጨረሻ ላይ ድምፃቸው ወደ ሹክሹክታ ወረደ። ተጨበጨበ። እኔም ኮርቼ ወጣሁ፤ እዚያው መልሼ ማየት እንኳ አላሰብኩም።

ማታ ከሙሐሲን ጋር ላፕቶፕ ላይ ከፈትነው። መስኮቱ ነጭ ሆኖ ያበራል፣ ጋሽ ኢብሮ ጥቁር ጥላ ናቸው። ዙም ያደረግሁበት ሁሉ ፊታቸው እንደ ሴራሚክ ንጣፍ በትንንሽ አራት ማዕዘን ተከፋፍሏል። ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ይህ ሁሉ ይሁን፤ ድምፁ ግን የለም። የሚሰማው የልጆች ጫጫታ፣ የጎረቤት ሙዚቃና የእኔ የራሴ ትንፋሽ ነው። የእሳቸው ድምፅ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ነገር ነው።

ሙሐሲን እስከ መጨረሻው አየውና «ምንም አይደል፣ ደክመሻል» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐኪሙ «ብዙ አይናገሩ» ብሏቸው ስለነበር፣ ያንን ሁሉ ድምፃቸውን በከንቱ ነው ያስወጣኋቸው። ልደውልልዎ ስልኬን አነሳሁ። ቁጥርዎን እያየሁ ቆየሁና መልሼ አስቀመጥኩት። የሰጡኝን ካሜራ ስምንት ወር ካልሲ ስር አስተኝቼ፣ አሁን «እንዴት ነው የሚሠራው?» ብዬ በምን አፌ ልጠይቅዎ?

ሰኞ ሥራ ቦታ ይዣት ገባሁ። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ባልደረባዬን አርያምን ግድግዳ ስር አቁሜ ከአንድ እስከ አስር አስቆጠርኳት። አንድ ጊዜ አምስት ሜትር ርቄ፣ አንድ ጊዜ ሦስት፣ አንድ ጊዜ ክንዴን ዘርግቼ ልነካት እስክችል ድረስ ቀርቤ።

«አብደሻል እንዴ? በቃ ቁጥር አስጠላኝ» አለች።

«አንዴ ብቻ፣ ወደ በሩ ዞረሽ ደግሞ።»

በየጊዜው ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቼ አየሁ፣ ሰማሁ። ቀስ በቀስ ጠባይዋ ገባኝ። ጆሮዋ ቅርብ ነው፤ ከአንድ ሜትር ወዲያ ሰውን ትታ ቤቱን ነው የምትሰማው። ጨለማ አትወድም፤ ክፍሉ ሲደበዝዝ ምስሉ ላይ አሸዋ ትበትናለች፣ ብርሃን ፊት ላይ ሲያርፍ ግን የአርያምን የቅንድብ ፀጉር አንድ በአንድ አሳየችኝ። ዙሟ የውሸት ነው፤ መቅረብ ከፈለግሽ በእግርሽ ቅረቢ የምትል ናት። ቀላል ስለሆነች ደግሞ የልብ ምት እንኳ ያንቀጠቅጣታል። አርያም ሄዳ አንድ ኪሎ ምስር በጨርቅ ከረጢት ገዝታ መጣችና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችልኝ። ካሜራዋን ምስሩ ላይ ቀበር ሳደርጋት ቀጥ አለች። ሌንሷ ላይ ለስምንት ወር የተቀመጠ የጣት ቅባት ነበር፤ በመነጽር መጥረጊያ ወለወልኩት። ያን ጊዜ ያየሁትን ምስል፣ ጋሽ ሃድጉ፣ ቢያዩት ይደሰቱ ነበር።

ማታ ጋሽ ኢብሮ ዘንድ ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው።

«እሑድ የቀረጽኩት ተበላሽቷል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ነገ ጠዋት አንድ ጊዜ ብቻ ይፍቀዱልኝ።»

በዚያ በሻከረ ድምፃቸው «እኔም አልጣመኝም ነበር» አሉ። «ክራቫት አሳስረው ተናገር ሲሉኝ ምን ልበል? እኔ ወሬ የሚመጣልኝ እጄ ሰው ጭንቅላት ላይ ሲሆን ነው።»

«እንግዲያው ፀጉር ቤቱ ውስጥ እናድርገው። ሙሐሲንን እያስተካከሉ።»

ይህን ያልኩት ሳላውቅ ነው። ሙሐሲን መሬት መሬት አየ። በኋላ እንደተረዳሁት፣ የዛሬ አራት ዓመት ሙሐሲን «ፀጉር ቤቱን አልወርስም፣ ሆቴል እቀጠራለሁ» ሲል አባቱ ተቆጥተው «ከእንግዲህ ጭንቅላትህን አልነካም» ብለውት ነበር። በአንድ ቤት እየኖሩ፣ አብረው እየበሉ፣ ልጅየው ፀጉሩን ጎተራ ሰፈር ሄዶ ነበር የሚስተካከለው።

ጋሽ ኢብሮ ልጃቸውን አዩት። «አንድ ሰዓት ላይ ና» አሉት።

ማክሰኞ ጠዋት በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት፤ ብርሃኑ ከጎን ገብቶ ፊታቸው ላይ እንዲያርፍ። የጎረቤት ሱቅ ባለቤት ሬዲዮውን እንዲዘጋልኝ ለመንኩት፣ ዘጋ። ምስሩን መስታወቱ ስር ካለው መደርደሪያ ላይ፣ ማሽኖቹ መሃል አኖርኩ፤ ካሜራዋን እላዩ ላይ። የሁለቱም ፊት ገባልኝ። አንድ ደቂቃ ቀርጬ፣ እዚያው አዳምጬ፣ ከዚያ ዘወር አልኩና ማዕዘን ላይ ቁጭ አልኩ። በእጄ አልነካኋትም።

ጋሽ ኢብሮ ጨርቁን ልጃቸው አንገት ላይ አሰሩ። ማበጠሪያውን ከማጅራቱ ወደ ላይ አስኬዱና ቆሙ።

«ይሄን ማነው ያበላሸው?»

«ጎተራ ያለው ልጅ ነው አባባ።»

«መቀስ አያውቅም። በማሽን ብቻ ነው የጨፈጨፈህ። አራት ዓመት እንዲህ ሆነህ ነው የዞርከው?»

«አዎ።»

«እኔ አፍሬብህ ሰው ፊት ቀና ብዬ አላውቅም» አሉ፤ ሙሐሲን በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ መቀሱ መጮህ ጀመረ፣ ወሬውም መጣ። ከወልቂጤ ገጠር በአሥራ ሦስት ዓመታቸው መጥተው መጀመሪያ ሰው ጭንቅላት ላይ ማሽን ሲያሳርፉ እንዴት እንደተንቀጠቀጡ፣ የመጀመሪያ ደንበኛቸው ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ እንዴት እንደተቀመጠ ተናገሩ። ሙሐሲን የተወለደ ቀን ሰውን ሁሉ በነጻ አስተካክለው እስከ ማታ እንዴት ክንዳቸው እንደዛለ ተናገሩ። መኪና ባለፈ ቁጥር እጄን አነሳለሁ፣ እሳቸው ይቆማሉ፣ ሲያልፍ ይቀጥላሉ። ድምፃቸው ሻካራ ነው፤ ግን እያንዳንዷ ቃል ትሰማለች።

መጨረሻ ላይ የልጃቸውን ፀጉር በብሩሽ አራገፉና ሁለት እጃቸውን አናቱ ላይ ጫኑ።

«ሆቴል መሄድህ ልክ ነበር» አሉት። «እኔ ብቻዬን መቅረት ፈርቼ ነው የተቆጣሁህ። ይሄንን ሳልነግርህ ድምፄ እንዳይሄድ።»

ሙሐሲን እጁን ከጨርቁ ስር አውጥቶ የአባቱን እጅ ያዘ። ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ሆኖ ነበር። ባትሪዋ ቀይ ማብራት ስትጀምር ጨርሰናል።

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። ጋሽ ኢብሮ አሁን ፀጉር ቤታቸው ተመልሰዋል፤ አንገታቸው ላይ ስስ ሻሽ አስረው፣ በኪሳቸው ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ይዘው ይሠራሉ። ወሬያቸውን ይጽፉታል፤ ደንበኛው ጮክ ብሎ ያነበዋል፤ የሚጠብቀው ሁሉ ይስቃል። ሐኪሙ በልምምድ ሌላ ዓይነት ድምፅ ማውጣት ይቻላል ብሏቸው እየተማሩም ነው።

ያለፈው እሑድ ፊልሙን ቤታቸው ቴሌቪዥን ላይ ከማሳየታችን በፊት ባለቤታቸውን እትዬ ዙለይካን አማከርኳቸው። መሃል ላይ አንድ የሚያስቸግር ቦታ ነበረ፦ ጋሽ ኢብሮ ያስላቸውና መቀሱን አስቀምጠው፣ መኖሪያ ቤታቸው ወዳለበት ጓሮ «ዙለይካ! ዙለይካዬ፣ ውኃ!» ብለው ይጣራሉ። ወሬውን ስለሚያቋርጠው ልቆርጠው አስቤ ነበር።

እትዬ ዙለይካ ያንን ቦታ ደጋግሜ እንዳሰማቸው ጠየቁኝ። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ።

«ሌላውን እንደፈለግሽ አድርጊው ልጄ» አሉኝ። «ይቺን ግን እንዳትነኪብኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የጠራኝ እንዲህ አድርጎ ነው።»

አልቆረጥኩትም። ፍላሹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ፤ ያ ጥሪም ደቂቃ አሥራ ዘጠኝ ላይ አለ። ጋሽ ሃድጉ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አመሰግናለሁም። ሁለቱንም ያን ቅዳሜ መኪናው አጠገብ ቆሜ ልነግርዎት ይገባኝ ነበር።

አክባሪዎ፣
ጃለኔ