ባዶ ነው የተባለው ሚሳይል

ሰኔ 3 ቀን 1988 ዓ.ም. (ጁን 10 ቀን 1996)

ለሥራ ደህንነት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ካልጋሪ

ጉዳዩ፦ በባልደረባዬ ላይ የደረሰው ጉዳት በሐሰት የተመዘገበ መሆኑን ስለማመልከት

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች የሺዋስ ገብረመድኅን የሜይላንድ ሃይትስ ነዋሪ ነኝ። እንግሊዝኛዬ ለዚህ ስለማይበቃ በአማርኛ ጽፌ ልጄ ቢታንያ ተርጉማዋለች። ቃሌን እንዳታለዝብ አስጠንቅቄያታለሁ።

2. ከኤፕሪል ጀምሮ፣ ስሙ በአባሪው በተጠቀሰው ወደ ኦኮቶክስ ከተማ መውጫ ባለ የሮኬት ሙዚየም ቀለም ቀቢ ነበርኩ። ሜዳው ላይ የቆሙትን ከአርባ ዓመት በፊት የተሠሩ ሚሳይሎች ከባልደረባዬ ከመርዕድ ጋር እየፋቅን እንቀባ ነበር።

3. በአገሬ አየር መከላከያ ለሚሳይል ነዳጅና አሲድ ስሞላ ስምንት ዓመት አገልግያለሁ። ሜይ 13 ቀን ከትልቁ ሚሳይል ሆድ ያ የአሲድ ሽታ መጣ። ሱፐርቫይዘሬን ውስጡ አልታጠበም፣ ሰው አይጠጋው አልኩት። ባዶ ነው አለኝ። ደግሜ ብነግረው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ፤ «አንተ የተቀጠርከው ለመቀባት ነው» ብሎኝ ሄደ።

4. ከሁለት ቀን በኋላ ዝገት እንዲፍቅ መርዕድን ወደዚያው ላከው። የዛገው ክዳን በመፋቂያው ሲነካ ወለቀ፤ ቡናማ ጭስ ወጣ፣ የተንጠባጠበውም ሁለት እጁን ላጠው። ከመሰላሉ ያወረድኩት፣ በውሃ ያጠብኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ያስለዋል፤ የሸሚዙን ቁልፍ የሚቆልፍለት ሰው ነው።

5. የሙዚየሙ ሪፖርት ግን ሠራተኛው ከትእዛዝ ውጭ ክዳኑን ከፈተ ይላል። በምስክርነት ፈርም ተባልኩ፤ እምቢ ብል በማግስቱ ተባረርኩ። መርዕድ ፈረመ። እጁ በፋሻ እንደተጠቀለለ፣ ብዕሩን ሱፐርቫይዘሩ ደግፎለት ፈረመ። ባለቤቱን ትግስትን ለማምጣት የስፖንሰር ፎርም አስገብቷልና ሥራ ማጣትን ፈራ። ራንድል ሰፈር ካለው የመርዕድ ቤት ድረስ ሄጄ አቤት እንበል ስለው «የተቃጠለው የእኔ እጅ ነው፤ አንተ ምን አገባህ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በሩን አልከፈተልኝም።

6. ሚሳይሉ ዛሬም እዚያው ነው። ክዳኑን በፕላስተር ሸፍነው ቀለም ቀብተውበታል። ጁን 17 ቀን የተማሪዎች ጉብኝት ይጀመራል፤ ልጆች እየወጡ ፎቶ የሚነሱበት ደረጃም ሠርተውለታል። ይህን ድንቁርና ልበለው ወይስ ጭካኔ፣ ፍርዱን ለእርስዎ ትቻለሁ።

ስለዚህ ሜዳው ከዚያ ቀን በፊት እንዲዘጋ፣ ሚሳይሉ በባለሙያ እንዲመረመር፣ የሐሰቱ ሪፖርት እንዲሻር፣ ሱፐርቫይዘሩም እንዲጠየቅ አመለክታለሁ። መርዕድ ሲጠየቅ ይክደኝ ይሆናል፤ ቢክደኝ አልፈርድበትም። እርስዎ ግን የፈረመውን ወረቀት ከማንበብዎ በፊት እጁን ይዩልኝ።

ቁጣዬን ሳልደብቅ፣ ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የሺዋስ ገብረመድኅን