ለአሥራ ስምንቱ ቀይ ማኅተሞች የቀረበ ምስጋና

ለወደብ ማዶ ሰፈር ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር፣
ለክቡር አቶ ሳካማኪ ዮሶጂ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ የወገብ ሕመምዎ በዘንድሮው የባሕር ነፋስ እንዳልተነሣብዎ ተስፋ አደርጋለሁ። ጠዋት ጠዋት መጥረጊያ ይዘው፣ የቆሻሻ ከረጢት በሚቀዳድዱት ቁራዎች ላይ ሲጮኹ በመስኮቴ በኩል እሰማለሁና፣ ድምፅዎ እንደ ወትሮው ብርቱ በመሆኑ ሊቀመንበራችን በሙሉ ጤንነት ላይ ናቸው ብዬ እጽናናለሁ።

እኔ የአምስተኛው ቤት ልጅ ኩዶ ቺዮሪ ነኝ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ስጨርስ ትምህርቴን ትቼ ዓሣ ማሸጊያው ውስጥ እሠራለሁ። ሰው ሲያናግረኝ የጫማዬን ጫፍ ስለማይ ፊቴን ላያስታውሱት ይችላሉ። በስብሰባ ላይ ቆሜ መናገር ስለማልችል፣ ምስጋናዬን በጽሑፍ ሳቀርብ በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

1ኛ. የድሮው የባሕር ሣር መጋዘን ታድሶ፣ ከአእምሮ ሆስፒታል ለሚወጡ ስድስት ሰዎች መኖሪያ ሊሆን ነው የሚል ወሬ በተሰማ በሦስተኛው ቀን፣ ከመጋዘኑ በር እስከ ትምህርት ቤቱ በር ያለውን ርቀት በገዛ እግርዎ ስለለኩልን ከልብ አመሰግናለሁ። አራት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ከእርስዎ በር እስከ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ሠላሳ ስምንት እርምጃ መሆኑን እኔ ለክቼዋለሁ። በየማለዳው መጥረጊያ እየወዘወዘ ወፍ የሚሰድብ ሰው ለሕፃናት ያሰጋል ሲባል ግን አልሰማሁም። ከስድስቱ አንዱ ቢያደርገው የበሽታ ምልክት ይባል ነበር፤ እርስዎ ሲያደርጉት ለሰፈሩ የዋለ ውለታ ነው።

2ኛ. ስለነዚሁ ስድስት ሰዎች ለመወያየት ስብሰባ ሲጠሩ፣ እንዳይጨነቁ በማሰብ ስድስቱንም ባለመጥራትዎ አመሰግናለሁ። «እኔ እኮ እነሱን ጠልቼ አይደለም፤ ለራሳቸው ብዬ ነው፤ ባለሙያ ባለበት ቢቀመጡ አይሻላቸውም?» ያሉት ንግግር እጅግ ርኅራኄ የተሞላ ነበር። የስድስተኛው ቤት እትዬ ታትሱኤም «ከዳኑ እቤታቸው ይግቡ፣ ካልዳኑ እዚያው ይቀመጡ፤ የምን መሃል ቤት ነው እሱ!» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ። ይህን የምጽፈው ማንም ስላልጠየቀኝ ነው።

ቤት ለቤት የሚዞሩት ነርስ ወይዘሪት ሚኔጊሺ ተነሥተው «ማገገም ማለት በጆሮው የሚሰማው ድምፅ ፈጽሞ ይጠፋል ማለት አይደለም፤ ድምፁ እያለም ሰውየው የራሱን ኑሮ ይኖራል፣ የሚፈልገውንም ራሱ ይመርጣል ማለት ነው» ብለው ሲያስረዱ፣ እርስዎ ሻዩ እየቀዘቀዘ መሆኑን በጊዜው ስላስታወሱን ሁላችንም ትኩስ ሻይ ጠጥተን ለመለያየት በቅተናል።

3ኛ. የተቃውሞ ወረቀቱን፣ የቆሻሻ ማውጫ ቀን በሚነገርበት በዚያው ከቤት ወደ ቤት በሚዞረው ማኅደር ውስጥ ስላስገቡልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ፊርማ ሊያሰባስብ የመጣን ሰው በር ላይ ቆሞ እምቢ ማለት ይቻል ይሆናል። በማኅደሩ ውስጥ ግን ለአሥራ ስምንቱ ቤት አሥራ ስምንት ባዶ ሳጥን አለ፤ በፊርማ ፈንታ የቤቱ ማኅተም ያልተመታበትን ሳጥን ጎረቤት ሁሉ ያየዋል። እምቢ ያለ ሰው ምክንያት ሊኖረው ግድ ነው፤ ምክንያት ያለው ቤት ደግሞ የሚደብቀው ሰው አለ ማለት ነው።

እኛ የምንደብቀው ሰው ነበረን።

የእናቴ ታናሽ ወንድም ሄይታ፣ እናቴ ለሃያ ሁለት ዓመት «ሩቅ አገር መርከብ ላይ ነው» እያለች ስትነግራችሁ የኖረችው አጎቴ፣ መርከብ ላይ አይደለም። ከተራራው ወዲያ ባለው ሆስፒታል በሁለተኛው ፎቅ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «እንቅልፍ እንዴት ነው? መድኃኒትህን ዋጥህ?» ሲባል ኖሮ፣ ባለፈው ጸደይ ወይዘሪት ሚኔጊሺ «ምን ትፈልጋለህ?» ብለው ጠየቁት። መልስ ለመስጠት ሦስት ቀጠሮ ፈጀበት። በሦስተኛው ቀጠሮ፣ በመጠይቁ ወረቀት ላይ ለመልሱ በተተወው ቦታ በገዛ እጁ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ሳንማ ዓሣ ከነጭንቅላቱ፣ ዓይኑን አይቼ፣ ራሴ መርጬ መግዛት።» ሆስፒታል ውስጥ ዓሣ የሚቀርበው ጭንቅላቱና እሾሁ ወጥቶ ነው። በመጋዘኑ ውስጥ ከታሰቡት ስድስት ክፍሎች በባሕሩ በኩል ያለው የእሱ ነበር።

ማኅደሩ እኛ ቤት የደረሰው አጎቴ ለሙከራ ሦስት ቀን ሊያድር በመጣበት ሳምንት ነው። እናቴ ዓሣ ጨረታው ላይ ነበረች። ከፈትሁት፤ አነበብሁት። ከእኛ በፊት ያሉት አራቱም ቤቶች መትተዋል። አጎቴ ከጠረጴዛው ወዲያ ሩዙን እየበላ «ምንድን ነው እሱ?» አለኝ። «የቆሻሻ ቀን ነው» አልሁት። ማኅተማችንን አወጣሁ። እሱ ተነሥቶ ቀዩን የማኅተም ቀለም ከመሳቢያ አመጣልኝ። ወረቀቱ እንዳይንሸራተት በሁለት ጣቱ ያዘልኝ፤ ከመታሁ በኋላም እንዳይጨማለቅ ጎንበስ ብሎ እፍ እፍ አለበት።

ከዚያ «እኔ ላድርሰው፤ አድርስ ብሎ የላከኝ ሰው ከጠፋ ስንት ዘመኑ» አለ። እትዬ ታትሱኤ በራቸው ላይ ሲቀበሉት «እንዴ ሄይታ! ባሕሩ እንዴት ሰነበተ?» ሲሉት፣ «ጸጥ ብሏል እትዬ» ሲላቸው ሰማሁ። ስለዚህ ክቡር ሊቀመንበር፣ እርስዎ በየቤቱ እየዞሩ ወገብዎን እንዳይጎዱ፣ አጎቴ በራሱ ላይ የተጻፈውን ተቃውሞ በራሱ እጅ አድርሶልዎታል። የምስጋናው ድርሻ ለእሱም ይገባዋል።

4ኛ. በሳምንቱ አጎቴ ምኞቱን የጻፈበትን መጠይቅ ወይዘሪት ሚኔጊሺ እንዲመልሱለት ጠይቆ፣ ስለ ዓሣው የጻፈውን ሰርዞ «እዚሁ ለምጃለሁ» ብሎ ጽፏል። የተቃውሞ ወረቀትዎ «ለሕሙማኑ የሚበጃቸው ሆስፒታል ነው» ይል የለ? ይኸው ሕመምተኛው ራሱ መሰከረልዎ፤ እንኳን ደስ አለዎ።

5ኛ ቁጥር የእርስዎ አይደለችም፤ የእኔ ናት። ባለፈው ማክሰኞ ሆስፒታል ሄጄ ነገርሁት። ጫማዬን እያየሁ «የቆሻሻ ቀን አልነበረም» አልሁት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «እፍ ስልበት አነበብሁት እኮ።»

«ታዲያ ለምን አደረስህላቸው?»

«አንቺ ልታደርሺው ነበራ! እንደዚያ ፊትሽ ቀልቶ? ሞኝ።» ሣቀ። እኔ ሳለቅስ መሐረብ አጥቶ የሆስፒታሉን ፎጣ ሰጠኝ። ፎጣውን ስመልስለትም «የሳንማው ወራት አልፎ ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ። አላለፈም አልሁት፤ እስከ ወሩ መጨረሻ አለ። ልብ ይበሉ፣ የጠየቀው እሱ ነው።

ክቡር ሊቀመንበር፣ ወረቀቱ የፊታችን እሑድ በስብሰባ ተነብቦ ወደ ማዘጋጃ ቤት ይላካል፤ አሥራ ስምንቱም ማኅተም ሙሉ ከሆነ የመጋዘኑ መኖሪያ ሐሳብ እንደሚሰረዝ ነግረውናል። በእኛ አገር ልማድ የተመታ ማኅተም በሁለት መስመር ተሰርዞ፣ በመስመሩ ላይ ያው ማኅተም ዳግመኛ ሲመታበት ይሻራል። ስለዚህ እሑድ መጥቼ የእኛን እሰርዛለሁ። መናገር አልችልም፤ መስመር ማስመር ግን እችላለሁ። እባክዎ በዚያ ሰዓት ሻዩ እየቀዘቀዘ መሆኑን አያስታውሱን።

ይህን ደብዳቤ ትናንት ለእናቴ አነበብሁላት። መርከቡ ጋ ስደርስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አንብቤ ስጨርስ ተነሥታ ማኅተሙን ከመሳቢያ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ።

የሰፈራችን ጠባቂ፣ የርቀት ለኪ፣ ለሕሙማን አሳቢ ለሆኑት ለእርስዎ ረጅም ዕድሜና ጤና እየተመኘሁ፣ በገዛ ወገኗ ላይ ቀይ ቀለም ያፈሰሰች አምስተኛዋ ማኅተም፣
ኩዶ ቺዮሪ

ማስታወሻ፦ በዚህ ወር ተራው የእኛ ስለሆነ ማኅደሩ የሚነሣው ከእኛ ቤት፣ ዞሮ የሚያልቀውም እርስዎ ጋ ነው። ደብዳቤዬን ከቆሻሻው ቀን ማስታወቂያ ሥር አስገብቼ፣ ከግርጌው እንደ ደንቡ አሥራ ስምንት ባዶ ሳጥን አስምሬያለሁ። ማኅተሙ ማንበብን እንጂ መስማማትን አያመለክትም። የመጀመሪያው ሳጥን ተመትቷል፤ ቀለሙ እንዳይጨማለቅ እፍ ብዬበታለሁ። የመጨረሻው ሳጥን የእርስዎ ነው፤ ባዶ ቢሆን ጎረቤት ምን እንደሚል እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።